እንኳን አደረሳችሁ፣ በተለይ መንገድ ለተዘጋባችሁ

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሳችሁ! ሽንኩርት ላይ ያላችሁ ኋላ አንብቡት፤ ቢያርር እኔን እንዳትወቅሱ።

ዓምና ቅዳም ሹርን ኢየሩሳሌም ነበርኩ። ያመሸሁት ገዳማችን ዴር ሱልጣን ነው። አባቶች አረንጓዴ በር ካላቸው ጎጆዎች ጎንበስ ብለው እየወጡ፣ ከበሮ እየተመታ፣ ግቢው መሃል ያለውን ጉልላት በጧፍ ይዞሩታል። ሳምንቱን ሙሉ ቴል አቪቭ ሰው ቤት ሲያጸዱ የከረሙ የኛ ልጆች ነጠላቸውን አጣፍተው እልል ይላሉ።

እኔ ግን የተላክሁበት ጉዳይ ነበረኝ። አያቴ እማሆይ መግነዛቸውን አስይዘውኛል። ጥጡን ራሳቸው ፈትለው ያሸመኑት ነው፤ እንዳይለወጥ ብለው ጠርዙን በቀይ ክር ሰፍተውታል። ጎልጎታ ገብቼ ጌታ የተገነዘበት ድንጋይ ላይ ዘረጋሁት። አስጎብኚያችን «ይህኛው ድንጋይ በፈረንጆች 1808 ቤተ ክርስቲያኑ ከተቃጠለ በኋላ በ1810 የተነጠፈ ነው» ይላል። ማን ሰምቶት! አንዲት ሩሲያዊት ሽቱ ታፈስሳለች፣ የኛ እናቶች በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጋሉ፣ እኔም መግነዙን ደህና አድርጌ አሸሁት። ሽታው እስካሁን አለቀቀውም።

በኅዳር እማሆይ አረፉ።

ከአዲስ አበባ ቴል አቪቭ በአየር አራት ሰዓት ገደማ ነው። ከባሕር ዳር እማሆይ ዘንድ ቢቸና፣ ድሮ በጠዋት ተነስተን ሞጣ ቁርስ በልተን ለምሳ የምንደርስበት መንገድ፣ ተዘግቶ ነበር። ኔትወርክም የለም። መርዶው የደረሰኝ ከተቀበሩ በኋላ ነው። በሌላ ጨርቅ ተገነዙ። የኢየሩሳሌሙ እኔ ቁም ሣጥን ውስጥ ቀረ።

ኔትወርክ ያለበት ድረስ በእግሩ ሄዶ የደወለልኝ የአክስቴ ልጅ፣ ውለታህ አለብኝ። ጎረቤታችን ሐጂ፣ ለቀብሩ ከሁሉ ቀድመው የወጡት እርስዎ እንደሆኑ ሰምቻለሁ፤ ዕድሜ ይስጥልኝ። ለቅሶ ቤቱን ያላራቆታችሁ የዕድር እናቶችም፣ እኔ በሌለሁበት እኔን ሆናችሁ አልቅሳችኋል።

«መልካም በዓል» ብዬ ብቻ ማለፍ አልቻልኩም። ልጅ እናቱን የሚቀብርበት፣ ምጥ የያዛት ሐኪም ቤት የምትደርስበት መንገድ ይስጠን። ዶሮው ቢቀር ይቀራል።

ወደ ቢቸና የሚሄድ ታማኝ ሰው የምታውቁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። የእማሆይ ታናሽ እህት ሰሞኑን ደውለው «እንግዲያ መግነዙ ለኔ ይሁን፣ ላኪው» ብለውኛል። ስልኩን ሊዘጉ ሲሉ ደግሞ «ግን ችኮላ የለብኝም!»