አልነሳ ያለ ዴስክቶፕ፦ መጀመሪያ ሐምራዊውን ሽቦ ለኩ

«ኮምፒውተሬ አልበራ አለ» ሲባል የብዙዎቻችን እጅ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ፓወር ሰፕላዩ፣ የግድግዳውን ኮረንቲ ለኮምፒውተሩ እንዲመጥን ወደሚቀይረው ሳጥን ነው። አዲስ ገዝተን እንገጥማለን። ከሠራ እሰየው። ካልሠራ ግን ገንዘቡም ወጣ፣ ማሽኑም ጭጭ እንዳለ ቀረ። እኔ ጥገናን በትርፍ ሰዓቴ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ መስኮት ሥር ባለች ጠረጴዛ ላይ እየተማርኩ ያለሁ ሰው ነኝ። አንዳንዱን ጎረቤት ያመጣልኛል፤ አንዳንዱን ከቆራሌው እገዛለሁ። እስካሁን በጣም የጠቀመኝ ነገር ዕቃ ከመቀየሬ በፊት ኮረንቲው የት ድረስ እንደደረሰ መከታተል ነው። ለዚህ አንድ ቴስተርና አንድ ካቻቪቴ ይበቃል።

«አልበራም» የሚባለው ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። ቁልፉ ሲነካ ምንም የማይል አለ። ፋኑ ዞር ብሎ ወዲያው የሚቆም አለ። ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ጥቁር የሚሆንም አለ። ይህ የመጨረሻው አብዛኛውን ጊዜ የራም (የጊዜያዊ ማስታወሻ ካርዱ) ጣጣ ነው፤ ራሙን አውጥቶ ወርቃማ ጥርሱን በላጲስ ጠረግ ጠረግ አድርጎ መመለስ ስንቱን ከወጪ አድኗል። ዛሬ የማወራው በተለይ ስለ መጀመሪያው፣ ስለ ጭጭታሙ ነው።

ከግድግዳው እንጀምር። የስልክ ቻርጀር ሶኬቱ ላይ ሰክቶ «መብራት አለ» ማለት አይበቃም። ቻርጀሮች አብዛኞቹ ከ100 እስከ 240 ቮልት ድረስ ይሠራሉ፤ ኮረንቲው ቢወርድም ቻርጅ ከማድረግ አይመለሱም። የአገራችን መደበኛ 220 ቮልት ነው። ነገር ግን እኛ ሰፈር ጎረቤት ሁሉ ምጣድ ሲጥድ አምፖሉ ሲደበዝዝ በዓይናችን የምናየው ነው። አንድ የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3 ሺህ ዋት በላይ ይስባል። ቴስተሩን ኤሲ (የግድግዳው ተለዋዋጭ ኮረንቲ) ላይ አድርጋችሁ ሶኬቱን ለኩት፤ ከዚያ ዲቫይደሩን፤ ከዚያ የኮምፒውተሩን ገመድ ጫፍ። ዲቫይደር ላይ ያለችው ቀይ መብራት በርታ ውስጡ ያለው መዳብ ግን ላልቶ ሊሆን ይችላል።

ፓወር ሰፕላዩ ጀርባ ላይ 115 እና 230 የሚል ቀይ ማዞሪያ ካለው እዩት። እኛ አገር 230 ላይ መሆን አለበት። ማዞሪያው 115 ላይ ሆኖ 220 ቮልት ከገባ ውስጡ ያለው ሰርኪዩት ቮልቴጁን እጥፍ አድርጎ ወደ 620 ይወስደዋል። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ጓ! የሚል ድምፅ ነው።

አሁን ደግሞ ምንም ወጪ የሌለው ሙከራ። ገመዱን ከግድግዳው ንቀሉ። ማብሪያውን ተጭናችሁ ግማሽ ደቂቃ ያህል ያዙት። መልሳችሁ ሰክታችሁ ሞክሩ። መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ የፓወር ሰፕላዩ መከላከያ ራሱን ቆልፎ ሊቀመጥ ይችላል፤ ኮረንቲ ሙሉ በሙሉ ካልተቋረጠበት አይፈታም። አስማት ይመስላል፤ ግን ሥራው ይኸው ነው።

ይህ ካልሠራ ኬዙን እንከፍታለን። ጠፍቶ ያለ ዴስክቶፕ በእርግጥ ጠፍቷል ማለት አይደለም። ገመዱ እስከተሰካ ድረስ ፓወር ሰፕላዩ አንዲት 5 ቮልት ሁልጊዜ ወደ ማዘርቦርዱ፣ ሁሉም ዕቃ ወደሚሰካበት ዋናው ቦርድ ይልካል። ማብሪያው ሲነካ የሚሰማው ክፍል ነቅቶ የሚጠብቀው በእሷ ነው። ኤቲኤክስ በሚባለው መደበኛ የፓወር ሰፕላይ ዓይነት ላይ ይህች መስመር ማዘርቦርዱ ላይ በሚሰካው በትልቁ ባለ 24 ፒን ሶኬት ላይ ያለችው ሐምራዊ ሽቦ ናት። ቴስተሩን ዲሲ (ቀጥተኛ ኮረንቲ) 20 ቮልት ላይ አድርጉ፤ ጥቁሩን መንካኪያ በጥቁር ሽቦ በኩል፣ ቀዩን በሐምራዊው በኩል፣ ሶኬቱ እንደተሰካ ከኋላው አስገብታችሁ ለኩ። ከ4.75 እስከ 5.25 ድረስ ከሆነ ደህና ነው።

ዜሮ ከሆነስ? እዚህ ላይ ነው ሰው ተጣድፎ «ፓወሩ ሞቷል» የሚለው። ቆይ! ግድግዳውን አጥፉ፣ 24 ፒኑን ከማዘርቦርዱ ንቀሉና መልሳችሁ አብርታችሁ ለኩ። አሁንም ዜሮ ከሆነ አዎ፣ ጥፋቱ የፓወር ሰፕላዩ ነው። 5 ቮልት ተመልሶ ከመጣ ግን ፓወር ሰፕላዩ ቢያንስ በዚህች መስመር ንጹሕ ነው፤ ማዘርቦርዱ ላይ ወይም እሱ ላይ የተሰካ አንድ ነገር ኮረንቲውን ሾርት እያደረገው ነው።

ይህን የማወራው በምክንያት ነው። ሰፈራችን ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ቤት ያላቸው አንድ ሰው ዴስክቶፓቸውን ተሸክመው መጡ።

«ልጄ፣ ማታ ደህና ያደረ ማሽን ነው፤ ጠዋት እምቢ አለኝ። ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል ብለውኛል።»

«ጋሼ፣ ሌሊት መብራት ሄዶ ነበር እንዴ?»

«ኧረ አልሄደም።»

መብራት ካልሄደ ምን ነካው? ሐምራዊውን ለካሁ፤ ዜሮ። 24 ፒኑን ነቅዬ ለካሁ፤ 5.08። እንግዲህ ከቦርዱ ላይ አንድ በአንድ መንቀል ነው። ሃርድ ዲስኩን ነቀልኩ፤ ለውጥ የለም። ዲቪዲውን፤ የለም። የፊት ዩኤስቢውን ገመድ ከቦርዱ ስነቅል ቦርዱ ላይ ያለችው ትንሽ አረንጓዴ መብራት ቦግ አለች። ማብሪያውን ነካሁ፤ ተነሳ።

የፊት ዩኤስቢውን በስልክ ባትሪ ጠጋ ብዬ አየሁት። ውስጡ ያለችው ነጭ ፕላስቲክ ምላስ ተሰብራለች። አራቱ ቀጫጭን ብረቶች ወደ ላይ ተጣመው፣ ዳር ያለው የ5 ቮልቱ ብረት የውጭውን ቆርቆሮ ነክቶ፣ ሾርት አድርጎ ቁጭ ብሏል። ቀኑን ሙሉ ደንበኛ ሁሉ ፍላሹን በግልባጭ እየገፋ ሲሰካበት የኖረ ቀዳዳ ነው፤ ምን ይደረግ። ብዙ ቦርዶች ለዩኤስቢ የሚሰጡትን ኮረንቲ ከዚያችው ከሐምራዊዋ መስመር ነው የሚቀዱት፤ ለዚህ ነው አጥፍታችሁት እንኳ ስልክ ቻርጅ የሚያደርጉት። ስለዚህ አንድ የተጣመመ ብረት ሙሉ ማሽን ያስተኛል። የፊቱን ዩኤስቢ እንደተነቀለ ተውኩትና በኋላው እንዲጠቀሙ ነገርኳቸው። ጋሼ ግን ኬዙ እስኪዘጋ ድረስ አላመኑኝም።

ሐምራዊው ደህና ሆኖ ማሽኑ ጭጭ ካለ ቀጣዩ አረንጓዴው ሽቦ ነው። ሳይነካ ወደ 5 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ማብሪያው ሲጫን ወደ ዜሮ መውረድ አለበት። ካልወረደ ትእዛዙ ፓወር ሰፕላዩ ጋ አልደረሰም። ማብሪያውን ከተጠያቂነት ለማውጣት ቦርዱ ላይ የፓወር ስዊች የሚሰካባቸውን ሁለት ፒኖች በካቻቪቴ ጫፍ ለቅጽበት አገናኙ። አቅጣጫ የላቸውም፣ አትፍሩ። ከተነሳ ጥፋቱ ማብሪያው ነው። በበጋ የኛ ሰፈር አቧራ ማብሪያ ውስጥ ገብቶ እንደ ሲሚንቶ ሲጋገር አይቻለሁ።

ፓወር ሰፕላዩን ለብቻው ማስነሳትም ይቻላል፦ ከሁሉም ነገር ተነቅሎ፣ ግድግዳው ጠፍቶ እያለ፣ አረንጓዴውን ከጥቁር ጋር በቁራጭ ሽቦ ማገናኘትና ማብራት። ፋኑ ዞረ ብላችሁ ግን እንዳትሸወዱ። ቢጫው ሽቦ ከ11.4 እስከ 12.6 ቮልት፣ ቀዩ ከ4.75 እስከ 5.25፣ ብርቱካናማው ከ3.14 እስከ 3.47 መሆን አለበት። ግራጫው «ሁሉም ደህና ነው» የሚል ምልክት ነው፤ ወደ 5 ቮልት ካልወጣ ማዘርቦርዱ አይነሳም።

የፓወር ሰፕላዩን ሳጥን ራሱን ግን አትክፈቱ። እኛ አገር የማይፈታ ነገር የለም፣ አውቃለሁ። ዳሩ ግን 220 ቮልት ውስጥ ገብቶ ሲስተካከል 310 ገደማ ዲሲ ይሆናል፤ ኮረንቲ የሚያጠራቅመው ትልቁ ካፓሲተር ደግሞ ገመዱ ከተነቀለም በኋላ ያንን ይዞ ሊቆይ ይችላል። እኔ ራሴ ገና አልከፍትም።

ሌላው ማስጠንቀቂያ ከቆራሌው ወይም ከምናለሽ ተራ ለምትገዙ ነው። ከቢሮ የወጡ ዴሎችና ኤችፒዎች ብዙዎቹ የራሳቸው ሶኬት አላቸው። ለምሳሌ የዴሉ ኦፕቲፕሌክስ 9020 ዋናው ሶኬቱ 8 ፒን ነው፤ ከሱቅ የተገዛ 24 ፒን ያለ አዳፕተር አይገባለትም። ከላይ ያወራሁት የሽቦ ቀለምም እዚያ ላይ አይታመንም። ብዙ ኦፕቲፕሌክሶች ግን ከኋላ፣ ፓወር ሰፕላዩ ላይ አንዲት የመፈተሻ ቁልፍ አለቻቸው፤ ገመዱ ተሰክቶ ስትጫን አጠገቧ ያለችው አረንጓዴ መብራት ከበራች ፓወር ሰፕላዩ መነሻው ደህና ነው ማለት ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩን «አንዴ ልሰካው» በሉት።

ፋኑ ዞር ብሎ ወዲያው የሚቆመውን በአጭሩ፦ ግራፊክስ ካርዱንም፣ ዲስኩንም፣ ዩኤስቢውንም ንቀሉና በፕሮሰሰሩና በአንድ ራም ብቻ ሞክሩ። ከፕሮሰሰሩ አጠገብ ያለችው ባለ 4 ወይም ባለ 8 ፒን የ12 ቮልት ሶኬት በደንብ መሰካቷንም እዩ።

አሁን እየተለማመድኩ ያለሁት ፓወር ሰፕላይን ጭነት ላይ አድርጎ መለካት ነው። ባዶውን 12.1 የሚያሳይ ዕቃ ሥራ ሲሰጠው ሊንኮታኮት ይችላል። ለጭነት የምጠቀመው ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ የገዛሁትን 12 ቮልት 21 ዋት የፍሬን መብራት አምፖል ነው። አንዱ ብቻውን ወደ 1.75 አምፒር ይስባል፤ ሁለት ሦስት አድርጎ ቢጫውና ጥቁሩ ላይ መቀጠል ነው። የፊት መብራቱን 55 ዋት አምፖል አልመክርም። ቀዝቃዛ አምፖል ሲበራ ለቅጽበት ከልኩ ብዙ እጥፍ ስለሚስብ ደህናውንም ፓወር ሰፕላይ ያስደነግጠውና ይዘጋል።

በዚህ መንገድ የአንድ ተማሪ ጎረቤቴን ፓወር ሰፕላይ ለካሁት። ባዶውን 12.0፤ በሁለት አምፖል 11.5፤ ሦስተኛው ሲጨመር 10.8፣ አምፖሎቹም ደብዘዝ አሉ። ሦስቱ ተደምረው 63 ዋት ናቸው። ላዩ ላይ በትልቁ 500 ዋት ይላል። ከሥር በትንንሽ ፊደል የተጻፈው የ12 ቮልቱ መስመር ግን 18 አምፒር ነው፤ 18 በ12 ሲባዛ 216 ዋት ይሆናል። ያንንም ቢሆን አልሰጠም። ልጁ አዲስ ሊገዛ ሲሄድ ትልቁን ቁጥር ትቶ የ12 ቮልቱን አምፒር እንዲያነብ፣ በእጁም አንስቶ ክብደቱን እንዲያመዛዝን ነገርኩት። ቀላል ከሆነ ውስጡ ብዙ ዕቃ የለም። አሮጌውን ለኔ ተወልኝ፤ ፋኑና ገመዶቹ ገና ይሠራሉ።