26 ኪሎ ሜትር

ኮምቦልቻ ያለው ጋራዣችን የሚኖረው በከባድ መኪና ነው። ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ አድርጎ የሚመጣ ሲኖትራክ፣ ፍሬኑ ያለቀ አይሱዙ፣ ባሌስትራው የተሰበረ ተሳቢ። የቤት መኪና ቢመጣም ያው ቶዮታ ነው። ስለዚህ አንድ ቀን ጥቁር ሬንጅ ሮቨር ስፖርት በበራችን ሲገባ ረዳቶቹ የያዙትን ቁልፍ ጥለው ተሰበሰቡ። አንዱማ ስልኩን አውጥቶ ከመኪናው ጋር ፎቶ መነሳት ጀመረ።

ገዢው የደሴ ነጋዴ ናቸው። ሐጂ ነው የምንላቸው። የጭነት መኪኖቻቸው የሚሠሩት እኛ ጋ ስለሆነ ቤተሰብ ሆነናል። ሻጩ መኪናውን ከአዲስ አበባ ነድቶ ያመጣ ወጣት ነው። መሀል ላይ እንደተለመደው ደላላ አለ።

ሐጂ መኪናውን ከልባቸው ወደውታል። ልጃቸው ነው በስልክ ፎቶውን አሳይቶ ነገሩን የጀመረው። ዋጋውም ያጓጓል። የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ደህና ያገለገለ መኪና የያዘ ሰው በቀላሉ አይለቅም። ይሄኛው ግን በዘመን እኩያው ከሆነ ላንድክሩዘር በጣም ረክሶ ነው የቀረበው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሰው ይፈራዋል። ፍርሃቱ ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ወሬ ነው። እኔ የተጠራሁት የትኛው የትኛው እንደሆነ እንድለይ ነበር።

«አየኸው ልጄ?» አሉኝ ሐጂ፣ ኮፈኑን በመዳፋቸው እየዳበሱ። ልባቸው ገዝቶ ጨርሷል። የእኔ ሥራ ደግሞ እጃቸውን ከኪሳቸው ጥቂት ማቆየት ነው።

ኮፈኑን ሳልከፍት ደላላው ክንዴን ይዞ ወደ ጎሚስታው ጥግ ወሰደኝ። «ወንድሜ፣ ይሄ ነገር ካለቀ አንተም አለህበት» አለኝ። እዚህ ሙያ ውስጥ ይሄ ግብዣ ያልደረሰው ሜካኒክ የለም። አንዳንዱ ይቀበላል፤ ሌላው ደግሞ ሳይቀበልም ቢሆን የሰውን ገበያ ላለማበላሸት ዝም ይላል። ለዚህ ነው መኪና ሊገዛ ያሰበ ሰው ሁሉ የምርመራውን ሂሳብ አስቀድሞ ከራሱ ኪስ ይክፈል የምለው። ደላላ የከፈለበት ምርመራ የደላላ ምርመራ ነው። «ሐጂ ከፍለውኛል» ብዬው ተመለስኩ።

ሞተሩ 2.7 ሊትር ቪ 6 ናፍጣ ነው። ፎርድና ፔጆ ሲትሮየን አብረው የሠሩት ነው። የሞተር ዘይቱን ሳወጣ ወርቅማ ነው። ሻጩ ደስ አለው። እኔ ግን ደስ አላለኝም። የናፍጣ ሞተር ዘይት ቶሎ ነው የሚጠቁረው፤ ወርቅማ ከሆነ ሰሞኑን የተቀየረ ነው። ለሽያጭ ሲባል የተቀየረ ዘይት ስለትናንቱ አያያዝ ምንም አይነግርህም። «ከዚህ በፊት የተቀየረበት ደረሰኝ አለ?» አልኩት። «አዲስ አበባ ቤት ነው ያለው» አለ። ደረሰኝ ሁልጊዜ አዲስ አበባ ቤት ነው ያለው።

ከዚያ የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነበውን ስካነር ሰካሁ። ሃያ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ፣ በኤሌክትሮኒክስ የተሞላ መኪና ነው። አንዲትም የጥፋት ኮድ አላወጣም። ንጹሕ። ደላላው «አላልኩህም!» ብሎ አጨበጨበ።

ብዙ ሰው የሚያቆመው እዚህ ላይ ነው። ኮድ የለም፣ መብራት የለም፣ ግዛ። ስካነሩ ግን ሌላም የሚያሳየው ነገር አለ፤ የጥፋት ኮዶች ከተደመሰሱ በኋላ መኪናው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ። ብዙ መኪና ይህን ይመዘግባል፤ ብዙ ሻጭ ደግሞ አያውቅም። ከፈትኩት። 26 ይላል።

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መኪናው ከአዲስ አበባ የመጣው ከዋዜማው ሲሆን ደሴ ነው ያደረው። 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቶ፣ ጣርማ በርን ወጥቶ ወርዶ ሲመጣ ያልጠፋ ኮድ ጠዋት ወደ እኛ ሊወርድ ሲል ጠፋ ማለት ነው።

አልጮህኩም። ሻጩን ብቻ ጠየቅኩት። «ባትሪ ነቅለን ነበር» አለ፣ ትንሽ ቆይቶ። ሊሆን ይችላል፤ ባትሪ ሲነቀል መዝገቡ የሚጠፋበት መኪና አለ። ሰውን ውሸታም ለማለት አይበቃም። መኪናውን ማሳደር ግን ያስፈልጋል።

«ሐጂ፣ ዛሬ አይገዙም» አልኳቸው። «እርስዎ ግቢ ይደርና ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ልየው።»

ሻጩ ተነጫነጨ። ቀጠሮ አለው፣ ሌላ ገዢ እየደወለ ነው፣ አዲስ አበባ ይጠበቃል። ደላላው የበለጠ ተነጫነጨ። ሐጂ ግን መኪና ባያውቁም ንግድ ያውቃሉ። «አብሽር ልጄ፣ አልጋህን እኔ እከፍላለሁ፤ እራትህም እኔ ቤት ነው» አሉት። በቃ። ወሎ ውስጥ እራት ተጋብዞ እምቢ የሚል ሰው ጥፋቱ ራሱ ላይ ነው።

ለምን ኮምቦልቻ ላይ አላሳደርነውም? ይሄ መኪና የብረት ሞላ የለውም። በአራቱም ጎማ ላይ በአየር የሚነፋ የጎማ ከረጢት ነው ያለው፤ በግራ የኋላ ጎማ አጠገብ ደግሞ አየሩን የሚሞላ ትንሽ ኮምፕረሰር አለ። የከረጢቱ ጎማ በዕድሜ ይሰነጠቃል፤ የሬንጅ ሮቨርም ይሁን የሌላ። ስንጥቁ ሙቀት ላይ ይደበቃል፣ ብርድ ላይ ይከፈታል። ኮምቦልቻ ሞቃት ናት። ደሴ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፤ የጦሳ ተራራን ሌሊት የሚያውቅ ያውቀዋል። ብርዱን በነፃ እያገኘን ለምን አንጠቀምበትም?

ዳገቱንም ተጠቀምንበት። ከኮምቦልቻ ደሴ ስትወጣ ከፍታው ከ600 ሜትር በላይ ይጨምራል፤ ጠመዝማዛ ነው፣ ከፊትህ ሁልጊዜ የሚያዘግም የጭነት መኪና አለ። ኤሲውን ከፍቼ ሻጩ ጎን ተቀመጥኩ፤ ስካነሩ ጭኔ ላይ ነው። ዳሽቦርድ ላይ ያለውን የሙቀት መርፌ አላመንኩትም። የብዙ ዘመናዊ መኪና መርፌ ሙቀቱ ከፍ ዝቅ ቢልም ሆን ተብሎ መሀል ላይ እንዲቆም ነው የተሠራው፤ ሲነቃነቅ አልፎበታል። ትክክለኛውን ቁጥር የሚሰጥህ ስካነሩ ነው። ሙቀቱ ከ90 ብዙም ሳይርቅ ሸዋ በር ደረስን። ቱርቦውም ደህና ይስባል። ካምቢዮው ማርሽ ሲቀይር አይመታም። እውነቱን ለመናገር ሞተሩን ወደድኩት።

ሐጂ ግቢ ገብተን መኪናው ቆመ። በሜትር ከእያንዳንዱ ጎማ መሀል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ለክቼ ጻፍኩ። ከዚያ የአየር ሞላውን ፊውዝ ነቀልኩ። ይቺን ነገር ብዙ ሜካኒክም አያውቃትም። መኪናው ቆሞም ሌሊት እየነቃ ራሱን ያስተካክላል። አንዱ ማዕዘን አየር ከጣለ ሌሎቹንም ወደ እሱ ልክ ዝቅ ያደርጋቸዋል። ጠዋት ስታየው ትንሽ ዝቅ ብሏል እንጂ ቀጥ ያለ ነው፤ የትኛው ከረጢት እንደሚያፈስ አታውቅም። ፊውዙ ከተነቀለ ግን እያንዳንዱ የራሱን ይናገራል።

በነጋታው በማለዳ የመጀመሪያውን ታክሲ ይዤ ወጣሁ። የሐጂ ዘበኛ ጋቢውን ተከናንቦ መኪናው አጠገብ ቆሟል። «ይሄ ነገር ሌሊቱን ተኛ እኮ» አለኝ። እውነትም ቀኝ የኋላው ወርዷል፤ ጎማውና ፓራፋንጎው ሊነካኩ ትንሽ ቀርቷቸዋል። ግራ የፊቱም ቀንሷል፤ እሱ ግን ያለ ሜትር አይታይም።

ሳሙና በውሃ በጥብጬ በጠርሙስ ይዤ ነበር። ከረጢቱ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ረጨሁት። አረፋ አወጣ። ሐጂ ጎንበስ ብለው አዩት። ሻጩም አየው። ከዚያ በኋላ ስለ ባትሪ የተናገረ የለም።

ሞተሩን ቀዝቃዛ እንዳለ አስነሳን። ትንሽ ነጭ ጭስ አወጣና ወዲያው ጠራ፤ ደህና ነው። ፊውዙን መልሼ ስሰካ ኮምፕረሰሩ መጮህ ጀመረ። ጤነኛው ብዙ ሳይቆይ አንስቶ ዝም ይላል። ይሄኛው ግን የሐጂ ባለቤት ቡና ቆልተው እስኪያቀርቡ ድረስ ሲታገል ቆየ። ከዚያ ዳሽቦርዱ ላይ የአየር ሞላው ቢጫ መብራት በራ። ስካነሩ ላይም ትናንት ያልነበረው ኮድ መጣ። መብራቱ ቀይ ሲሆን መኪናው ከ50 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ አትንዳ ይላል፤ እኛ እዚያ አልደረስንም።

ገዢ የማያየው ወጪ ይሄ ነው። የሚያፈስ ከረጢት ብቻውን አይጎዳም። የፈሰሰውን ለመሙላት ኮምፕረሰሩ ያለ ዕረፍት ይሠራል፤ በመጨረሻ ራሱ ይቃጠላል። በጊዜ የተቀየረ ከረጢት አንድ ዕቃ ነው። የተተወ ከረጢት ግን ኮምፕረሰሩን ጭምር ያስገዛሃል።

ስለ ቀረው በአጭሩ። የእጅ ፍሬኑ ኤሌክትሪክ ነው፤ ሲያዝ ይጮሃል፤ መፈታትና መስተካከል አለበት። የካምቢዮው ዘይት «ዕድሜ ልክ ነው» ተብሎ አልተነካም። የካምቢዮው አምራች ዜድ ኤፍ ግን ከ80,000 እስከ 120,000 ኪሎ ሜትር ባለው ይቀየር ነው የሚለው። ወረቀቱን ልጃቸው ከሚመለከተው ቢሮ አጣራ፤ ሊብሬው ከቻንሲ ቁጥሩ ጋር ይገጥማል፣ ቀረጡ ተከፍሏል፣ ዕዳም እገዳም የለበትም።

ያስጨነቀኝ ቺንጋው፣ ማለትም የሞተሩ ቀበቶ ነው። ይሄ ሞተር ሁለት ቺንጋ አለው። ትልቁ ከፊት ነው፤ ሁሉም ያውቀዋል። ትንሹ ከኋላ ተደብቆ የናፍጣ ፓምፑን ያዞራል፤ እሱን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ቺንጋ በኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን በዓመትም ያረጃል። መቼ እንደተቀየረ የሚያሳይ ወረቀት ከሌለ አልተቀየረም ብለህ ነው የምትቆጥረው። የፊተኛው ቢበጠስ ሞተሩ ይበላሻል። ይሄን ሁሉ በወረቀት ጻፍኩና አዲስ አበባ ዕቃ ሻጮች ጋ ደውዬ ዋጋውን ጎን ለጎን አሰፈርኩ።

አቦሉን እየጠጣን ሐጂ ጠየቁኝ፤ «አንተ ብትሆን ትገዛው ነበር?»

«እኔ የሚሠራልኝ መኪና እንጂ የምሠራለት መኪና የምገዛበት ገንዘብ የለኝም» አልኳቸው። ሳቁ። «እርስዎ ግን አቅሙ አለዎት። ሞተሩ ደህና ነው። ካፈቀሩት ይግዙት፤ የዚህን ወረቀት ሂሳብ ቀንሰው ግን። ያለዎትን ቶዮታ ሃይሉክስ ደግሞ እንዳይሸጡ።»

የመጨረሻዋን ነገር አጥብቄ ነው የነገርኳቸው። ሰው ስለ መኪና ጥንካሬ ሲያወራ ስለ ብረቱ ብቻ ያወራል። ኮምቦልቻ ላይ የሲኖትራክ ፍሪሲዮን በሌሊትም ብትፈልግ ባለሱቅ ቀስቅሰህ ታገኛለህ። የዚህ መኪና ኮምፕረሰር ግን ከአዲስ አበባ ይመጣል፤ እዚያ ከሌለ ከዱባይ በሰው ሻንጣ። ዕቃው እስኪደርስ መኪናው ግቢ ይቆማል። ባቲ ሰኞ ገበያ ግን ለማንም አይቆምም። ሞዴሉን ብቻ ተናግሮ ማዘዝም አይቻልም፤ በአንድ ስም የወጡ መኪኖች ውስጣቸው ይለያያል። ትልቁ ሬንጅ ሮቨር ለምሳሌ እስከ 2005 እ.ኤ.አ. ድረስ የቢኤምደብሊው ቪ 8 ሞተር ነበረው፤ ከዚያ በኋላ ወደ ጃጓር ዞረ። የቻንሲ ቁጥሩን ሳይዝ ዕቃ ያዘዘ ሰው የሌላ ሰው ዕቃ ገዝቶ ይመጣል።

ድርድሩ እስከ ዙህር ሶላት ቆየ። ሻጩ መጀመሪያ ተቆጣ፤ ከዚያ ወረቀቱን ደጋግሞ አነበበ፤ ከዚያ ቀነሰ። ሙሉውን አይደለም፤ አብዛኛውን። ልጁ ክፉ አይደለም መሰለኝ፤ ኮድ አጥፋ ብሎ የመከረው ሌላ ነው። ደላላው ኮሚሽኑን ወስዶ ሳይሰናበተኝ ሄደ። አሁን ገዢ ይዞ ሲመጣ ገና በሩ ላይ ሆኖ «ይሄኛውን አላጠፋነውም» ይለኛል።

ሐጂ ሁለቱን የኋላ ከረጢቶችና የፊተኛውን ግራ አስቀይረዋል። ኮምፕረሰሩም በጥቂት ሳምንት ውስጥ መጣ፤ እስከዚያ በሃይሉክሱ ነበር የሚመላለሱት። የካምቢዮው ዘይት ተቀይሯል። የፊተኛው ቺንጋም ተቀይሯል። ያቺ ከኋላ የተደበቀችው ግን እስካሁን እንዳለች ናት፤ «መኪናው ደህና እየሄደ ምን አስፈታኝ» ይላሉ። ባየኋቸው ቁጥር እነዘንዛቸዋለሁ። ቺንጋዋን እኔው አዝዣለሁ፤ ባለፈው ዓርብ ደርሳ መደርደሪያ ላይ ተቀምጣለች።