ከሳሎኑ በፊት ፍራሹ

አዳማ የሚኖር ሰው ሲያስነጥስ መጀመሪያ የሚወቅሰው ንፋሱን ነው። ንፋሳችን ይታወቃል፣ ለዛ እኮ ነው ከተማው ዳር ኮረብታው ላይ እነዛን ሁሉ ተርባይኖች የተከሉት፣ በጋ ከገባ ደግሞ ባጃጁና ጋሪው የሚያስነሳው አቧራ በመስኮት ገብቶ ጠዋት የተወለወለ ጠረጴዛ ከሰዓት በኋላ በጣት ያስጽፋል። ግን አለርጂ ያለበት ሰው የሚብስበትን ሰዓት ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ታናሽ እህቴ አስም አለባት፣ ቀን ውጪ ስትንቀሳቀስ ውላ ምንም አትሆንም፣ ሌሊት ግን ደረቷ እያፏጨ ከእንቅልፏ ትነሳለች፣ ጠዋት ደግሞ አይኗ አብጦ አፍንጫዋ ተደፍኖ ማስነጠስ ነው። አስም በተፈጥሮውም ሌሊት ይብሳል፣ እሱ እንዳለ ሆኖ ግን ሌሊቱን ሙሉ ፊቷ ያለው ትራስ ላይ ነው፣ መንገድ ላይ አይደለም።

እኛ ሀገር ጽዳት ሲባል እንግዳ የሚያየው ቦታ ነው የሚጸዳው። ሳሎኑ ያበራል፣ ቡፌው ይወለወላል፣ ፍራሹን ግን ከተገዛ ጀምሮ ማንም አንስቶት አያውቅም። በሽተኛ ላለበት ቤት ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት ባይ ነኝ።

ፍራሽ፣ ትራስና ብርድ ልብስ ውስጥ ደስት ማይት የሚባሉ የመዥገር ዘመዶች ይኖራሉ፣ ከአንድ ሚሊሜትር ሲሶ አይበልጡም፣ ስለዚ በአይን አይታዩም። እንደ ትኋን አይነክሱም፣ ደምም አይመጡም፣ የሚበሉት ከሰውነታችን የሚረግፈውን ቆዳ ነው፣ አለርጂውን የሚቀሰቅሰው በዋናነት ኩሳቸው ነው። የቤት አቧራ ሰው እንደሚያሳምም ድሮም ይታወቅ ነበር፣ ዋናው ጥፋተኛ እነሱ መሆናቸውን ግን በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው ሆላንድ ሌይደን ከተማ ያሉ ተመራማሪዎች የደረሱበት። ደስ የሚለው ነገር ውሃ አይጠጡም፣ ከአየር ላይ ነው እርጥበት የሚስቡት፣ አየሩ ሲደርቅ ይሞታሉ። የአዳማ ደረቅ አየርና ፀሐይ እዚህ ላይ ከኛ ጋር ነው ማለት ነው፣ ምንም እንኳ አልጋ ከላባችን የራሱን እርጥበት ቢይዝም፣ ክረምት ላይ ደግሞ ነገሩ ቢለወጥም።

እኛ ቤት ፀሐይ ሲከር ፍራሹ ግቢ ይወጣል። ግድግዳ አስደግፈን እናቆመዋለን፣ እኩለ ቀን ላይ ይገለበጣል፣ ማታ ከመግባቱ በፊት በዱላ ይመታል፣ ያኔ ነው ጉዱ የሚታየው፣ በፀሐዩ በኩል ሆናችሁ ስታዩት እያንዳንዱ ምት ላይ ከስፌቱ መስመር ግራጫ ብናኝ ይተናል፣ ከላይ ሲታይ ግን ንጹህ ፍራሽ ነበር። የሚመታው ሰው አፍንጫውን ይሸፍን፣ በሽተኛው ደግሞ ከግቢ ይውጣ። ፀሐይ ደስት ማይቶቹን ቢገድልም ኩሳቸውን አያጠፋውም፣ ስለዚ አንሶላና የትራስ ልብስ በየሳምንቱ መታጠብ አለበት፣ ማሽን ያለው ሰው 60 ዲግሪ ላይ፣ በእጅ የሚያጥብ ደግሞ ጨርቁ ከቻለ የፈላ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ። ቀዝቃዛ ውሃም ኩሱን ያጥባል፣ እነሱን ግን አይገድልም። የልጆች የጨርቅ አሻንጉሊት ፌስታል ውስጥ ታስሮ ፍሪዘር ውስጥ ይደርና ከዛ ይታጠባል።

አዲስ ፍራሽ ሲገዛ ላስቲኩን ሳያወልቁ የሚተኙ ሰዎች አሉ አይደል፣ ይሞቃል፣ ይንኮሻኮሻል፣ ግን እስካልተቀደደ ድረስ በፍራሹና በሰውየው መሀል ግድግዳ ነው። ዚፕ ያለው ወፍራም ሽፋን ካገኛችሁ ደግሞ ይሻላል፣ ለትራስም እንደዛው።

መጥረግን በተመለከተ ደረቅ መጥረጊያ ይቅር ነው የምለው። አቧራውን ከወለሉ አንስቶ አየር ላይ ይበትነዋል፣ ቆይቶ ተመልሶ አልጋው ላይ ያርፋል። እርጥብ ጨርቅ ወይ መወልወያ ይበቃል፣ ውሃ በፈረቃ ሲሆን ደግሞ የልብስ መጨረሻ እጣቢ ለወለል ይሆናል። መኝታ ቤት ያለ ምንጣፍ ከተቻለ ይነሳ፣ መጋረጃም ቀለል ያለ ቶሎ የሚታጠብ ይሁን።

ሰው የማይጠረጥረው ሌላው ነገር በረሮ ነው። ኩሱም የሚረግፈው ቅርፊቱም አለርጂና አስም ይቀሰቅሳል። ፍሪጁን ሳቡትና ከኋላው እዩ፣ የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ የመሰለ ጥቁር ነገር ካለ እሱ ነው፣ በእርጥብ ጨርቅና በሳሙና ይጠረግ። የሚነፋ የበረሮ መድኃኒት ግን እባካችሁ አስም ያለበት ሰው ባለበት አትንፉ፣ ሽታው ራሱ ደረቱን ይዘጋዋል። በሲሪንጅ የሚሸጠው የበረሮ ጄል ልጅ የማይደርስበት ስንጥቅ ውስጥ ጠብ ጠብ ማድረግ ይሻላል፣ ማታ ደግሞ ያልታጠበ ሳህን አለማሳደር፣ መሶቡን መክደን፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ካለ ማሠራት፣ ምክንያቱም በረሮ የሚመጣው ለምግብና ለውሃ ነው።

ሻጋታ የመታጠቢያ ቤት ጉዳይ ነው፣ በበረኪና ይጠፋል ግን እርጥበቱ ካልቆመ ይመለሳል። በረኪናን ከሌላ የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ዕጣንና ከሰል አለርጂ ባይሆኑም ጭሳቸው የአስም ሰውን ይጎዳል፣ እኛ ቡናውን በረንዳ ላይ አድርገነዋል፣ እማዬ መጀመሪያ ቅር ቢላትም አሁን ጎረቤቱም ስለሚያየን ወዳዋለች።

ይሄ ሁሉ ፓፉን፣ ማለትም በአፍ የሚሳበውን የአስም መድኃኒት፣ እና ሐኪም ያዘዘውን ሌላ መድኃኒት አይተካም፣ እህቴ አሁንም ትወስዳለች፣ የምትነሳበት ሌሊት ግን በጣም ቀንሷል።

የድመቷ ጉዳይ እስካሁን አልተቋጨም። የድመት አለርጂ ፀጉሯ ሳይሆን ምራቋና ቆዳዋ ላይ ያለ ፕሮቲን ነው፣ ድመቷ ከቤት ከወጣች በኋላ እንኳ ለወራት ሶፋና ግድግዳ ላይ ይቆያል። በሌላ በኩል እሷ ከሌለች አይጥ ይገባል፣ የአይጥ ሽንት ደግሞ ራሱ አለርጂ ነው። ስለዚ ለጊዜው ግቢና ኩሽና የሷ ነው፣ የእህቴ መኝታ ቤት በር ግን ቀንም ሌሊትም ዝግ ነው።