አልዘጋ ያለው በር

ወታደር የለቀቀው የጦር ካምፕ ወደ ኮሌጅ ሲቀየር የሳይት መሐንዲስ ነበርኩ። ሥራውን ከልቤ ነው የወደድኩት። ሰልፍ ይወጣበት የነበረ ሜዳ ላይ ተማሪ ተቀምጦ ሲያነብ ማየት ትልቅ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የተዘጋው የካሊፎርኒያው የጦር ካምፕ ፎርት ኦርድ ከፊሉ በዓመቱ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ተማሪ ተቀብሏል። እኛም እንደዚያ ለመፍጠን ተጣደፍን።

ቤተ መጻሕፍቱ የት ይሁን ሲባል ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ፎቁ ላይ ወታደሮቹ ይተኙበት የነበረ ረጅም አዳራሽ አለ። ግራና ቀኙ መስኮት ነው፣ ብርሃኑ ልብ ይሰርቃል። "ይሄን ሁሉ ወታደር ከነአልጋው የቻለ ወለል መጽሐፍ ያቅተዋል?" አልኩ። የተከራከረኝ የለም። የወለሉን አቅም ግን አላሰላንም።

ግማሹ መጽሐፍ ከተደረደረ በኋላ፣ አንድ ጠዋት ምድር ቤቱን የምታጸዳው ሴት ጠራችኝ።

"ኢንጂነር፣ ይሄ በር አልዘጋ አለኝ። ባለፈው ሳምንት እኮ ደህና ነበር።"

እርጥበት አሳብጦት ይሆናል፣ አናጢ እልካለሁ አልኳት። አልለቀቀችኝም። "እስቲ ቀና ይበሉ" አለችኝ። ቀና ስል ከበሩ በላይ ልስኑ ተሰንጥቋል። በሩ አላበጠም። የላዩ ወለል ጎብጦ መቃኑን ተጭኖታል።

ወዲያው ምድር ቤት ያሉትን ሰዎች አስወጣን። ወለሉን በብረት ምሰሶ ደገፍን። መጽሐፉን እየተቀባበልን አወረድነው።

ኋላ የመጣው የስትራክቸር ባለሙያ ሒሳቡን ፊቴ ሠራው። የመኝታ ክፍል ወለል አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበው በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ገደማ እንዲሸከም ነው። የመጽሐፍ መደርደሪያ የሚበዛበት ክፍል ከ700 ኪሎ በላይ ይፈልጋል። ሰው ደግሞ ተነስቶ ይወጣል። መጽሐፍ ግን ሌት ተቀን እዚያው ነው። ኮንክሪት ደግሞ ከላዩ የማይነሳ ጭነት ሲበዛበት ቀስ እያለ፣ ለወራት ለዓመታት መጉበጡን ይቀጥላል። ይህን ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። ተፈትኜበታለሁም። ያን ቀን ግን መስኮቱን ብቻ ነው ያየሁት።

ቤተ መጻሕፍቱን መሬት ላይ ወዳረፈው የድሮ መሣሪያ ግምጃ ቤት አዛወርነው። መስኮቱ ጠባብ፣ ግድግዳው ወፍራም ነበር። ብርሃን እንዲገባ ግድግዳውን መክፈት ብዙ ቀን ፈጀ፣ ከእያንዳንዱ መስኮት በላይም የብረት ቢም አስገባን። በዚህ ጊዜ ግን መዶሻ ከመነሳቱ በፊት ስሌቱ ተሠርቶ ነበር። ፎቁ ላይ ያለው አዳራሽ ጥቂት ጠረጴዛና ወንበር ያለው የንባብ ክፍል ሆነ።

የጎበጠው ወለል ጭነቱ ሲነሳለት ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። በሩ ዛሬም ትንሽ ይይዛል። ሴትየዋ በየጠዋቱ ከፍታ ትዘጋዋለች። በዚያ ሳልፍ ከሰላምታው በፊት የምጠይቃት ስለ በሩ ነው።

"እንዳለ ነው፣ አልባሰበትም" ትለኛለች።