ከባልጩት ሜዳ እስከ ጢያ

በኅዳር ወር በአንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ አሥራ ሁለት ዓመት የሞላውን የእህቴን ልጅ ይዤ በዓለም ገና በኩል የቡታጅራን መንገድ ያዝን። በየማሳው የጤፍ አጨዳ ተጀምሯል። ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ከሄድን በኋላ አዋሽ ዳር ካለው የጥንት ሰዎች መገኛ ሥፍራ፣ መልካ ቁንጡሬ ደረስን።

ሙዚየሙ በክብ ጎጆዎች የተደራጀ ነው። እኔን ግን ይበልጥ ያቆየኝ ራቅ ብሎ ጣሪያ የለበሰው የጎምቦሬ ቁፋሮ ነው። ከ700 ሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠረው ወለል እንደተቆፈረ ተትቷል፤ የድንጋይ መሣሪያውና የእንስሳት አጥንቱ በተገኙበት ቦታ፣ በተገኙበት አኳኋን ተኝተዋል። ሆላንዳዊው የውኃ ባለሙያ ገሪት ዴከር በ1963 እ.ኤ.አ. ስፍራውን ካስተዋለ በኋላ፣ ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን ከ1965 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ቆፍሮበታል፤ ከእርሱም በኋላ የጣልያን ተመራማሪዎች ሥራውን ቀጥለውበታል። ልጁ አጥር ተደግፎ፣ «ለምን ሁሉንም አንሥተው ሙዚየም አያስገቡትም?» ሲል ጠየቀኝ። ያን ጊዜ በቂ መልስ አልሰጠሁትም።

መልሱን ያገኘነው አስጎብኚያችን ጥቂት ወደ ኋላ መልሰው ወደ ባልጩት ሜዳ ሲወስዱን ነው። ስፍራው ስሙን ያገኘው ከድንጋዩ ነው፤ መሬቱ እንደ ጥቁር ብርጭቆ በሚያበራ ስባሪ ተሸፍኗል። በዚሁ አካባቢ፣ ስምቢሮ በተባለው ሥፍራ፣ ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት የእጅ መጥረቢያ ከባልጩት ይሠራ እንደነበር ተረጋግጧል፤ ቆዳ ፋቂዎችም በዚሁ ድንጋይ እስከ ቅርብ ዘመን ተገልግለውበታል። ልጁ ጠርዙ እንደ ምላጭ የሳለ አንድ ስባሪ አነሣ። አስጎብኚው ሽማግሌ አልተቆጡም፤ «የኔ ልጅ፣ ከየት አነሣኸው? እስቲ እዚያው መልሰው» አሉት። የተነሣበት ጉድጓድ አፈሩ ላይ ይታይ ነበርና እንዳነሣው አድርጎ አስቀመጠው። ከዚያ ተቀምጠው አስረዱን፦ ስባሪው የቱ ንብርብር ላይ፣ ከየትኛው የእሳተ ገሞራ አመድ በላይ ወይም በታች፣ ከየትኛው አጥንት አጠገብ እንደተገኘ ካልታወቀ፣ ዕድሜውንም የሠራውንም ሰው ሊነግረን አይችልም፤ ኪስ ውስጥ ከገባ በኋላ ተራ ድንጋይ ነው።

እኔ ሕግ አጥኚ አይደለሁም፤ ሆኖም የ1992ቱን የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ለማንበብ የተነሣሁት በዚህ ንግግር የተነሣ ነው። አዋጁ ፈቃድ ሳይኖር ቅርስ ፍለጋ መቆፈርን ይከለክላል፤ መንገድ ሲሠራ፣ ቤት ሲገነባ ወይም ማዕድን ሲፈለግ በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው ለሚመለከተው አካል እንዲያሳውቅና እስኪረከቡት ድረስ ሳይነካ እንዲጠብቀው ያዝዛል። «ሳይነካ» የምትለው ነገር ከሁሉም ትበልጥብኛለች። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 91 ታሪካዊ ቦታዎችንና ቅርሶችን መጠበቅ የመንግሥትም የዜጎችም ግዴታ እንደሆነ ይደነግጋል፤ የአሥራ ሁለት ዓመቱ ልጅ እንኳ ድርሻ አለው ማለት ነው። መልካ ቁንጡሬና ባልጩት በ2024 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገቡ ደስ ያለኝ ይህ ጥበቃ በሌሎች ዓይን ፊትም ስለሚጠናከር ነው።

ከቀትር በኋላ ጢያ ገባን። በ1980 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት ሠላሳ ስድስቱ ትክል ድንጋዮች በአንድ ሜዳ ላይ ቆመዋል፤ ሠላሳ ሁለቱ ጎራዴና ሌላ ምልክት የተቀረጸባቸው ናቸው። የአካባቢው ሰው «የግራኝ ድንጋይ» ይላቸዋል። ከሥራቸው የተቆፈሩት መቃብሮች ግን ከግራኝ ዘመን ቀድመው የተቀበሩ ሰዎችን አሳይተዋል። የሚያስደስተኝም ይኸው ነው፤ ትውፊቱ ድንጋዮቹን በፍርሃትና በአክብሮት ጠብቆ አቆይቷቸዋል፣ ቁፋሮው ደግሞ የእነማን እንደሆኑ መጠየቅ ጀምሯል፣ ምልክቶቹንም እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ ያነበባቸው የለም።

ፀሐይ ዘንበል ስትል ጥላው በጎራዴዎቹ ቅርጽ ውስጥ ገብቶ ጎልተው ታዩ። ልጁ እጁን ከኋላው አጣምሮ፣ ከአንዱ ድንጋይ ፊት ቆሞ ጎራዴዎቹን በዓይኑ ብቻ ይቆጥር ነበር፤ ሲሳሳት ከታች ጀምሮ እንደገና ቆጠረ።