የብራናው መዝገብና የምድሩ መዝገብ

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎ ግቢን የሚጎበኝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያመራው ወደ ቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በተሞከረው የመፈንቅለ መንግሥት ግርግር የታገቱት ባለሥልጣናት የተገደሉበት ይህ ሕንፃ፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ግቢውን ለዩኒቨርሲቲው ከሰጡ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1963 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም መኖሪያ ሆነ። የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ። የብራና መጻሕፍቱ፣ ሥዕሎቹና መስቀሎቹ፣ እስከ ንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ክፍል ድረስ፣ በዚያው ይገኛሉ።

ወደ አራት ኪሎ ሲወረድ ግን ጎብኚ የማያዘወትረው ሌላ የዩኒቨርሲቲው ቅርስ አለ፤ እሱም የምድርን ንዝረት፣ መግነጢስና ሌላ አካላዊ ባሕርይ የሚያጠናው የጂኦፊዚክስ ምርምር ማዕከሉ ነው። ያቋቋሙት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ (የካቶሊኩ የኢየሱስ ማኅበር አባል) ካህን ፒየር ጉዋን ሲሆኑ፣ መነሻው እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1958 የተካሄደው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ነበር። አዲስ አበባ ለምድር መግነጢሳዊ ወገብ (የምድር መግነጢስ ኃይል ከምድር ገጽ ጋር ትይዩ ለሚሆንበት መስመር) ቅርብ በመሆኗ፣ እዚህ የሚወሰድ ልኬት ለመላው ዓለም ሳይንስ ይፈለግ ነበር። ከታኅሣሡ ግርግር ጥቂት ወራት በኋላ፣ በግንቦት 1953 ዓ.ም.፣ ማጀቴን ያፈራረሰውና ካራ ቆሬን ክፉኛ የጎዳው የመሬት መንቀጥቀጥ ሲደርስ ደግሞ፣ አገሪቱ የራሷን ምድር የሚከታተል ተቋም እንደሚያስፈልጋት በግልጽ ታየ።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ጉዋን ቀጥለው የሠሩት ነው። መሣሪያ የመዘገበው የጥቂት ዓመታት ንዝረት ብቻውን ስለማይበቃ፣ ዜና መዋዕሎችን፣ የተጓዦችን ማስታወሻና የሚስዮናውያንን ደብዳቤ መርምረው፣ እስከ አሥራ አምስተኛው ክፍለ ዘመን ወደ ኋላ የሚዘልቅ የኢትዮጵያና የአካባቢዋ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ አዘጋጁ። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1979 ታተመ። ርዕደ መሬትን የእግዚአብሔር ቁጣ አድርጎ የጻፈ የጥንት ጸሐፊ፣ ሳያውቀው ለዛሬው መሐንዲስ ማስረጃ ትቶለታል ማለት ነው።

በ1998 ዓ.ም. መባቻ በአፋር በዳባሁ እሳተ ገሞራ አካባቢ ምድር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው መስመር ሲሰነጠቅ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የአዋሽ ፈንታሌ መንቀጥቀጥ ሕዝብ ሲያፈናቅልና አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ፣ መልስ የተጠየቁት የዚሁ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ነበሩ። ስለዚህ በወረቀት የተቀረጹት የቀድሞ ዘመን የንዝረት መዝገቦች እንደ ብራናዎቹ ሁሉ በቅርስነት ተቆጥረው፣ በዲጂታል ተገልብጠውና ዝርዝራቸው ወጥቶ ለተመራማሪ ክፍት እንዲሆኑ አጥብቄ እመኛለሁ፤ ገና ያልተነበቡትን የገዳማት መጻሕፍትም ግእዝ አዋቂና የምድር ሳይንስ ባለሙያ አብረው ተቀምጠው ቢመረምሯቸው፣ ጉዋን በጀመሩት ዝርዝር ላይ የሚታከል ብዙ ይገኛል ብዬ አምናለሁ።