ከተጠበቀው በላይ የጠነከረው ኮንክሪት

አንዲት የማስተርስ ተማሪያችን ቴሲሷን የሰራችው በሪሳይክልድ አግሪጌት ላይ ነበር፣ ያው የፈረሰ ህንፃ ኮንክሪት ተፈጭቶ እንደገና በጠጠር ቦታ ሲገባ ጥንካሬው ምን ይሆናል የሚል ነው። እኔ ኮ-አድቫይዘር ነበርኩ። የ28 ቀን ኪዩቦቹ (ጥንካሬ ለመለካት በማሽን ተጨፍልቀው የሚሰበሩ የኮንክሪት ናሙናዎች) ሲሰበሩ ሪሳይክልድ የገባበት በተፈጥሮ ጠጠር የተሰራውን ኖርማሉን በግልፅ በልጦ ተገኘ። ዋናው አድቫይዘር በጣም ደስ ብሎት ቶሎ ጆርናል ላይ እንላከው አለ፣ ግፊቱ ይገባኛል፣ የመምህር እድገት የሚቆጠረው በፔፐር ነው፣ ያልተጠበቀ ሪዘልት ደግሞ ቶሎ አይን ይስባል።

ነገሩን ያስቆሙት የላብ ቴክኒሺያናችን ናቸው። እድሜያቸውን እዛው ላብ ውስጥ የጨረሱ፣ ኮንክሪት ሲቦካ በአይናቸው ብቻ አይተው ውሃው ማነሱን የሚያውቁ ሰው ናቸው። ሪዘልቱን አየት አደረጉና «ልጄ፣ ያን ቀን ስላምፑ ስንት ነበር?» አሏት። ስላምፕ ማለት ገና ያልጠነከረው ኮንክሪት ከቅርጹ ሲወጣ ምን ያህል ዝቅ እንደሚል የሚለካበት ነው፣ ውሃ ሲያንስ እሱም ያንሳል። ደብተሯን ስትገልጥ ከኖርማሉ በጣም ያነሰ ነው። «ጠጠሩስ ውሃ ጠግቦ ነው የገባው ወይስ ከኦቭን እንደወጣ?» ሲሏት ከኦቭን እንደወጣ ነው አለች፣ በቃ እዛ ላይ ሁሉም ነገር ፍንትው አለ።

የተፈጨ ጠጠር ላዩ ላይ አሮጌ ሞርታር ስለሚቀር ውሃ በጣም ይመጥጣል። የተፈጥሮ ጠጠር ብዙ ጊዜ ከክብደቱ 1 ወይ 2 ፐርሰንት ነው የሚጠጣው፣ ይሄኛው 5 እና ከዛ በላይ ሊሄድ ይችላል። እስቲ አስሉት፣ በአንድ ሜትር ኪዩብ 350 ኪሎ ሲሚንቶና 175 ሊትር ውሃ ካለ የውሃና ሲሚንቶ ሬሾው 0.5 ነው፣ 1000 ኪሎ ደረቅ ጠጠር 5 ፐርሰንት ከጠጣ 50 ሊትር ሄደ ማለት ነው፣ ለሲሚንቶው የሚቀረው 125 ሊትር ስለሆነ ሬሾው ወደ 0.36 ይወርዳል። በዛች ደቂቃ ሁሉንም ባይጠጣ እንኳ ልዩነቱ ትልቅ ነው፣ ሬሾው ሲወርድ ደግሞ ጥንካሬ እንደሚጨምር ለዲግሪ ተማሪ የምናስተምረው ነገር ነው እኮ! ጥንካሬውን ያመጣው የውሃው ማነስ ነበር፣ ጠጠሩ ምስጋና አይገባውም።

ሌላ 28 ቀን መጠበቅ ለተማሪዋ ከባድ ነበር፣ ዴድላይኗ ደርሶ ነበርና። ግን ጠጠሩን ውሃ አጥግባ፣ ላዩን አድርቃ፣ እንደገና ሰራችው፣ አሁን ጥንካሬው ከኖርማሉ ትንሽ ዝቅ ብሎ መጣ። ሁለቱንም ሪዘልት ቴሲሷ ውስጥ ከነምክንያቱ አስገባችው፣ ዲፌንስ ላይ ኤግዛሚነሮቹ ረጅሙን ሰዓት የቆዩት እዛ ቻፕተር ላይ ነው።

ፔፐሩ ሲዘጋጅ የቴክኒሺያኑ ስም ከፀሐፊዎቹ ጋር ይግባ አልኩ። ክርክር ተነሳ፣ ምስጋና ላይ ቢጠቀሱ ይበቃል ያሉ ነበሩ። እኔ ግን አልተስማማሁም፣ ስህተቱን ያገኙት፣ የሁለተኛውን ዙር አሰራር የነገሯት፣ ድራፍቱንም አንብበው ያረሙት እሳቸው ናቸው፣ እንደዚህ አይነቱን ሰው ምስጋና ላይ በአንድ መስመር ማለፍ ልክ አይደለም። በመጨረሻ ገቡ። የላቡ የሚክስ ፎርም ላይም «የጠጠሩ እርጥበት» የሚል ቦታ ተጨመረበት፣ እሱን ያልሞላ ሰው ሚክሰሩን አያስነሱለትም።